ክረምቱን ከልጆች ጋር ቤት ስንውል

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ፣ ከአቶቴ አካባቢ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍልን ጨረሰ። ሁለተኛዋ አምስት ዓመቷ ነው። ትንሿ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ሦስቱም ቤት ናቸው። ዝናቡ አያስወጣም፣ ልብስ አይደርቅም፣ ቤቱ ጭቃ በጭቃ ነው። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ለክረምት ትምህርት አስመዝግበዋል፤ አስጠኚ የቀጠሩም አሉ። የእኛ አቅም አይፈቅድም። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ በክረምት ሥራ ይቀዘቅዝበታል። ራሴ ላስተምራቸው ብዬ ቦርድ ገዛሁ፤ የሰዓት ፕሮግራምም አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሳምንት ሳይሞላው ጩኸትና ለቅሶ ሆነ። በስልክ የማያቸው እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ባለቀለም ወረቀት ሲቆርጡ፣ ኬክ ሲጋግሩ ይውላሉ። እኔ እስከ ምሳ ወጥ ቤት ነኝ፤ ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ትልቁ ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እንደ ውሃ ይጠጣዋል። አንድ ቃል ጽፌ አንብብ ስለው ግን ዝም ይላል። አማቴም አብረውን ነው የሚኖሩት። ልጅ እሳት አጠገብ አይደርስም፣ ወንድ ልጅ ደግሞ ወጥ ቤት ምን ይሠራል ይላሉ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

መጀመሪያ የሰዓት ፕሮግራሙን ከግድግዳው ላይ አንሺው። ቦርዱ ይቆይ፤ እንፈልገዋለን። ፕሮግራሙ ግን ለአንቺ ቤት የሚሆን አይደለም። 40 ደቂቃ ሒሳብ፣ 40 ደቂቃ እንግሊዝኛ የሚባለው ሌላ ሥራ የሌለበት መምህር ፊታቸው ቆሞ፣ በዕድሜ የሚቀራረቡ ልጆች ሲማሩ ነው። አንቺ ወጥ ጥደሽ፣ ትንሿን አዝለሽ፣ የሰባትና የአምስት ዓመት ልጅ አንድ ላይ ልታስተምሪ ሞከርሽ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ ነው። ልጆችሽ ባለጌ ሆነው አይደለም፤ አንቺም ትዕግሥት አጥሮሽ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉም ቤቱን የትምህርት ክፍል ሊያደርግ የሞከረ ብዙ ወላጅ ያየው ይህንኑ ነው።

የምመክርሽ እንዲህ ነው። ልጆቹን ለማስተማር ብለሽ ሥራሽን አታቋርጪ፤ እነሱን ሥራሽ ውስጥ አስገቢያቸው። ለትልቁ ብቻ በቀን ትንሽ ጊዜ ለንባብ ለይተሽ ያዢለት። የቀረው ከወጥ ቤቱ፣ ከልብስ አጠባውና ከዝናቡ ይመጣል።

ከትልቁ ልጅሽ ልጀምር። ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አንድ ነገር ነው፤ ፊደልን ለይቶ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ልጅሽ የያዘው ዜማውን ነው። ዜማው ተራ በተራ ይመራዋል። «ሚ» ብቻዋን ስትመጣበት ግን ከፊቷ «ሙ» የለችም፣ ከኋላዋ «ማ» የለችም። ስለዚህ ይጠፋዋል። ይህ በጣም ብዙ ልጆች ላይ ያለ ነው። ስንፍና አይደለም፤ አእምሮው ዘገምተኛ ስለሆነም አይደለም። ፊደል በቃል ስለተማረ ነው። ክረምቱ ሳያልቅ ሊስተካከል የሚችል ነገር ስለሆነ አትደንግጪ።

33ቱ ፊደላት በየሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ለአንድ ልጅ ብዙ ነው። ግን አብዛኞቹ ደንብ አላቸው፤ ደንቡን ብታሳዪው ሸክሙ ይቀልለታል። ሉ፣ ቡ፣ ቱ፣ ኩ ብለሽ ጎን ለጎን ጻፊለት። ሁሉም ቀኝ ጎናቸው ላይ፣ መሃል አካባቢ አጭር ጭረት አላቸው። ከዚያ ሊ፣ ቢ፣ ቲ፣ ኪ ጻፊ። ጭረቷ ወደ እግር ወርዳለች። ሌ፣ ቤ፣ ቴ፣ ኬ ስትጽፊ ደግሞ ያቺው ጭረት ተጠቅልላ ቀለበት ሆናለች። ላ፣ ባ፣ ካ ላይ የቀኝ እግር ረዝሟል። «ምን ተለወጠ?» ብለሽ ራሱ እንዲያገኘው ጠይቂው፤ ፈጥነሽ አትንገሪው። አስቸጋሪዎቹ ሳድስና ሳብዕ፣ ማለትም ስድስተኛውና ሰባተኛው ናቸው፤ ል፣ ብ፣ ት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው። እነዚህን ቃል ውስጥ ደጋግሞ እያያቸው ይለምዳቸዋል እንጂ በአንድ ደንብ አይያዙም።

ሁሉንም ፊደል በአንዴ አታምጪበት። በ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ ነ፣ ተ። እነዚህ ስድስት ብቻ ከነዘሮቻቸው ይበቃሉ። በእነሱ ብቻ የሚጻፉትን ቃላት እስቲ ተመልከቺ፦ ቤት፣ ቡና፣ ሲኒ፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ ምሳ፣ ሎሚ፣ ማታ፣ ሰላም። ግማሹ ቤትሽ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። አሮጌ ካርቶን ቁረጪና በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ቃል ጻፊ። ከዚያ ሽንኩርት እየከተፍሽ አንዱን አንሥተሽ ታሳዪዋለሽ። አንተ አንብብ አትበይው። «ይህን አምጣልኝ» ብቻ በዪው። «ሳሙና» የሚለውን አይቶ ሎሚ ይዞ ቢመጣ አትቆጪው። ካርቶኑንና ሎሚውን አጠገብ ለአጠገብ አድርጊና የመጀመሪያዋን ፊደል ጠይቂው። ይህን ጨዋታ ከምድጃው ሳትነሺ ልታጫውቺው ትችያለሽ። ልጁም ይሮጣል እንጂ አይቀመጥም፤ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ እየሮጠ ሲማር ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር አደራ። ፊደሉ ሲጠፋው «ከሀ ጀምረህ ቁጠር» አትበይው። ያን ስትዪው ወደ ዜማው ትመልሺዋለሽ። ፊደሏን ንገሪውና እለፊ፤ ቆይተሽ ደግመሽ አምጪበት። ሐ እና ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን ለጊዜው ተያቸው። አንድ ድምፅ በሁለትና በሦስት መልክ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል። እነሱ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይደርሳሉ።

ተቀምጦ የሚማርበት ጊዜ ከ15 ደቂቃ አይብለጥ። ቁርስ እንደበላ፣ ገና ሳይደክመው ይሁን። ቦርዱ የሚጠቅመን እዚህ ነው። ስድስቱ ሲገቡት ረ፣ ቀ፣ አ፣ ከ፣ ደ እያልሽ ጨምሪ። ለሱቅ ስትልኪው ዕቃውን በወረቀት ጽፈሽ ስጪውና መንገድ ላይ እያነበበ ይሂድ። አብራችሁ ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ስትወጡም ሰሌዳ አንብቡ። በሐዋሳ ሰሌዳ ላይ የላቲንም የግዕዝም ፊደል አለ፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን ነው የሚጻፈው። ልጁ የትኛው የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ይለይ፤ ከዚያ የሚያውቃትን አንዲት የአማርኛ ፊደል ፈልጎ ያሳይሽ። ጎረቤት ሲዳምኛ የሚናገር ጓደኛ ካለው ደግሞ አንዱ ለሌላው ያስተምር። ይህ በገንዘብ የማይገኝ አስጠኚ ነው።

ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። አማትሽ ስለ እሳቱ የሚሉት እውነት ነው። የፈላ ውሃ፣ የጋለ ዘይትና የከሰል ምድጃ ልጅ ያቃጥላሉ። ስለዚህ በዚህ አትከራከሪያቸው። በር አጠገብ ምንጣፍ አንጥፊና የልጆቹ ቦታ እሱ ይሁን። ከምንጣፉ ወዲህ ወደ እሳቱ መምጣት የለም። ይህን ሕግ እሳቸው ያስከብሩልሽ፤ እንደሚደሰቱበት አልጠራጠርም።

ምንጣፉ ላይ ምን ይሠራል? ትልቁ ዱቄት በኩባያ ይሰፍራል፤ ስንት ኩባያ እንደገባ ቦርዱ ላይ ይጽፋል። የእንጀራ ሊጥ ስታቦኪ እርሾውን እሱ ይጨምር። ከዚያ ጠዋትና ማታ ክዳኑን ከፍቶ ይይ፤ አረፋው መቼ እንደወጣ፣ ሽታው መቼ እንደተለወጠ ይናገር። በብርድ ቀን ሊጡ ቶሎ እንደማይቦካ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እሱ ግን ለምን እንደሆነ ያስብበት። ሕይወት ያለው ነገር እንደሚያቦካው፣ ሙቀት እንደሚወድ ንገሪው። አምስት ዓመቷ ነጭ ሽንኩርት ትላጥ፣ ምስር ትልቀም፣ ቦሎቄ በአሥር በአሥር ትደርድር። እንዲህ ያለ ትንንሽ ፍሬ ለትንሿ እንዳይደርሳት ተጠንቀቂ። የዚያ ዕድሜ ልጅ ቦሎቄን አፍንጫዋ ውስጥ ትከታለች፣ ወይም ያንቃታል። ለእሷ ማንኪያዎችን፣ ትልልቅ ክዳኖችንና የካልሲ ጥንድ ስጫት። ካልሲ ማጣመር ለሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ትልቅ ሥራ ነው።

ይዘገያል፤ አውቃለሁ። ብቻሽን በግማሽ ሰዓት የምትጨርሺው ከእነሱ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለዚህ ነው ሁሉንም ሥራ ከእነሱ ጋር አትሥሪ የምልሽ። በቀን አንድ ሥራ ምረጪ፤ ለዚያ ብቻ ጊዜ ጨምሪለት። እንጀራ የምትጋግሪበት ቀን ልጆቹ ሌላ ቦታ ይሁኑ።

ወንድ ልጅ ወጥ ቤት ምን ይሠራል ለሚለው ግን ሐሳቤን በግልጽ ልንገርሽ። ይግባ፣ ይሥራ፣ ሲኒም ይጠብ። ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ብቻውን ሲኖር የሚበላውን መሥራት አለበት። እህቱም እሱ ቁጭ ብሎ እሷ ስትሠራ እያየች እንድታድግ አልፈልግም። አማትሽ ጋር ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ አባቱ ይናገር። ልጃቸው ሲነግራቸው የበለጠ ይሰማሉ። ደግሞ እሳቸው የሚያስተምሩት ሥራ ስጪያቸው። ጥጥ የሚፈትሉ ከሆነ ልጆቹ ከጥጡ ፍሬውን ይልቀሙላቸው፤ እንዝርት እንዴት እንደሚሾር ይዩ። የማይፈትሉ ከሆነ ተረትና እንቆቅልሽ የእሳቸው ድርሻ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ «እንቆቅልህ» ሲሉ ልጆቹ «ምን አውቅልህ» ብለው ይመልሱ። አገር ስጠኝ እስኪባል ድረስ ልጅ ያስባል፣ ቃል ይፈልጋል፣ ተራውን ይጠብቃል። ይህ በእኔ ዓይን ከብዙ የክረምት ትምህርት ይበልጣል።

ባለቤትሽ ግንበኛ መሆኑ ደግሞ ለዚህ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሜትሩ ቤት ውስጥ አለ። ዝናብ ሥራ ያስቀረበት ቀን ከልጁ ጋር የሚሠራውን ልንገርሽ። ከላይ እስከ ታች ስፋቱ እኩል የሆነ ጣሳ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍና ጣሪያ በማይጋርደው ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት ጠዋት የተጠራቀመውን ዝናብ በማስመሪያ ይለካ፤ ቁጥሩንም ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ይጻፍ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ከዚያ አባትና ልጅ የቤቱን ርዝመትና ስፋት በሜትር ይለኩ። ቤቱ 40 ካሬ ቢሆንና 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ጣሪያው ላይ 400 ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ በርሜል! ማባዛቱን አባቱ ይሥራለት፤ መለካቱና መጻፉ የልጁ ነው። አንደኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ቁጥር ለምን እንደሚጠቅም እንዲህ ነው የሚገባው።

ስለ ባለቀለም ወረቀትና ስለ እነዚያ እናቶች ብዙ አልልም። የሚታየው የተመረጠው ደቂቃ ነው። ዕቃውንም መግዛት አያስፈልግሽም። ዱቄት በውሃ በጥብጠሽ እሳት ላይ ብታማስዪው ሙጫ ይሆናል። እርድ ቢጫ ይሰጣል፤ ቀይ ሥር ሐምራዊ፣ የቡና አተላ ቡናማ። የበቆሎ እሸት ወቅቱ ነው፤ ከልባሱ አሻንጉሊት ይታሰራል፣ ከሐሩ ፀጉር ይሠራላታል። ከደጅ የመጣው ጭቃ ላም፣ ድስትና መኪና ይሆናል። የእንቁላል ካርቶን ካገኘሽ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ አስቀርተሽ ቁረጪው። በየጉድጓዱ አራት አራት ቦሎቄ ሲገባ ገበጣ ሆነ። 48 ፍሬ መበተንና መሰብሰብ ለአምስት ዓመቷም ለሰባት ዓመቱም በቂ ሒሳብ ነው።

ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይጀምሩ። አበባውንና ፀሐዩን ለጎረቤት ሁሉ የሚበቃ ያህል ይሣሉ፤ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ትልቁ ራሱ ይጻፍበት። የሚሰጠው ሰው ስላለው ተጠንቅቆ ይጽፋል። ቡሄን የምታከብሩ ከሆነ ነሐሴ 13 ቀን ለሚጋገረው ሙልሙል ሊጡን ልጆቹ ይዳብሱ።

ስልኩን እርም አድርጊ አልልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለ ልጅ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ፤ ከዚያም ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል። ትንሿ እዚህ ውስጥ ናት። ያችን ሰዓት አንቺ ምረጫት፤ እንጀራ የምትጋግሪበት ወይም ትንሽ ጋደም የምትዪበት ትሁን። ሰዓቷ የታወቀች ስትሆን ቀኑን ሙሉ «ስልክ ስጪኝ» የሚለው ለቅሶ ይቀንሳል።

ሐዋሳ ላይ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ማታ ይበረታል። ጠዋት ከከፈተ ቤት አትዋሉ። የልጆቹ አንድ አንድ የጭቃ ልብስ ይኑር፤ ሁልጊዜ እሱው ይለበስ። ካጠብሽም አንድ ልብስ ብቻ ታጥቢያለሽ። ወደ ሐይቁ ውሰጃቸው፤ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ አሞራ፣ ጉሬዛውን፣ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ሲራገፉ ይዩ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው ታዲያ የት ይሄዳል? ትልቁ ያስብበት። ሐይቁ ውስጥ ግን እግራቸውን እንዳይነክሩ። ቢልሃርዝያ በሐይቁ ዳር ያለ በሽታ ነው፤ ጉማሬም አለ።

አሁን በጣም የምጨነቅበትን ልንገርሽ። ልብስ አይደርቅም ብለሻል። ብዙ ሰው በዚህ ወቅት ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍል ያስገባል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ልብሱን ዙሪያውን ይሰቅላል፤ ልጆቹም እዚያው ይተኛሉ። ይህን በፍጹም አታድርጊ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ተኝቶ ላለ ሰው ግን ሳይነቃ ይገድለዋል። ፍሙ ቀላ፣ ጭሱ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቡና ስታፈዪም በርና መስኮት ክፍት ይሁን፤ ሲያበቃ ምድጃው ደጅ ይውጣ። ልብሱን በረንዳ ላይ ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገመድ ዘርግተሽ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አራርቀሽ ስቀዪው። ቢዘገይ ይዘግይ። ለትንሿ የሚያስፈልገውን በካውያ አድርቂው።

አጎበሩንም አሁን አስተካክዪው። ወባ በብዛት የሚነሣው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። የተቀደደ ካለ ልጆቹ ባሉበት ስፊው፤ ትልቁም መርፌ ይያዝ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ካርቶኖቹንና የዝናቡን ደብተር ይዘሽ መምህሩ ጋ ሂጂ። «ፊደል ያውቃል» ወይም «አያውቅም» አትበዪ፤ የትኞቹን አንብቦ የትኞቹ እንደሚቀሩት ንገሪያቸው። መምህር ይህን ሲያውቅ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ካርቶኑን በክፍሉ ማዶ ስታሳዪው ዓይኑን የሚያጠብ ወይም ወደ አንቺ የሚጠጋ ከሆነ፣ ትምህርት ሳይጀመር ዓይኑን ይታይ። ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ክፍል ውስጥ ሊይዝ የሚችለው በጆሮው የሰማውን ዜማ ብቻ ነው።